የካሜራን ስም እንዴት እናንብብ? «ቁጥሩ የበለጠ ካሜራ ይበልጣል» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

በጎንደር የፎቶና የቪዲዮ ሥራ ለመጀመር ላሰቡ ወጣቶች የተጻፈ አንድ የካሜራ መግዣ ምክር ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ቆይቷል። ጸሐፊው በቅን ሐሳብ እንደተነሡ ያስታውቃል፤ ገዢው በደላላ እንዳይታለል ነው የደከሙት። ነገር ግን ስም ማንበቢያ ብለው የሰጡት ዘዴ ራሱ ያሳስታል። የጥር ሰርግና ጥምቀት ሳይደርስ ካሜራ ልግዛ ብሎ ያጠራቀመውን ብር ይዞ የሚወጣ ሰው ለሥራው የማይሆን ዕቃ ይዞ እንዳይመለስ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብናል።

ምክሩ በአጭሩ ይህን ይላል። የአኃዛቸው ብዛት እኩል ከሆኑ ሁለት ሞዴሎች ቁጥሩ ትልቅ የሆነው አዲስና የተሻለ ነው። አኃዙ ያነሰ ካሜራ ሁልጊዜ የባለሙያ ፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር የሚሆን ትልቅ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀባይ ክፍል ያለው) ነው። ማርክ 2፣ ማርክ 3 የሚባለው ዋጋ ለማስወደድ የተጨመረ ስለሆነ ለእሱ ብር አይጨመርም። ሪበል ወይም ኪስ የሚል የተጻፈበት ካኖን ፎርጅድ ነው። ከሶኒ ካሜራዎች አር የሚል ፊደል ያለበት ለሁሉም ሥራ ይበልጣል። ሌንስ ደግሞ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሌላው ፊደል ለውጥ የለውም። ስድስቱም ላይ የምንለው አለን፤ አንዳንዱ ግን ከሌላው ይልቅ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ቁጥሩ ካደገ ካሜራው ተሻሽሏል ስለሚለው

ብዙ ገንዘብ የሚያስጠፋው ይህ ነው። ካኖን በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 2000ዲ እና 4000ዲ የሚባሉ ሁለት ካሜራዎችን አንድ ላይ አወጣ። በምክሩ ከሄድን 4000ዲን እንመርጣለን። የምናገኘው 18 ሜጋፒክስል፣ 2.7 ኢንች ስክሪን፣ የሌንስ መግጠሚያ ቀለበቱም ፕላስቲክ የሆነ ካሜራ ነው። 2000ዲ ግን 24.1 ሜጋፒክስል፣ 3 ኢንች ስክሪንና የብረት ቀለበት አለው። ሰርግ ላይ ሌንስ እየነቀለ ለሚተክል ሰው ቀለበቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፕላስቲኩ ሲበላ ሌንሱ ይወዛወዛል፣ ከባድ ዙም ሲታሰርበት ደግሞ ይብሳል። በካኖን ባለአራት አኃዝ ቤተሰብ ውስጥ ትልቁ ቁጥር የተሰጠው ለዝቅተኛው ካሜራ ነው።

ኒኮን ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ ካሜራው በእርግጥ አዲስ ነው፤ አዲሱ ላይ ግን የተቀነሰ ነገር አለ። ዲ7200 (2015) 24.2 ሜጋፒክስልና ሁለት የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ አለው። ከእሱ በኋላ የመጣው ዲ7500 (2017) 20.9 ሜጋፒክስል ሆኖ አንድ ማስገቢያ ብቻ ቀረለት። በምትኩ 4ኬ ቪዲዮ፣ የሚታጠፍ ስክሪንና በሰከንድ 8 ፎቶ አገኘ፤ ዲ7200 በሰከንድ 6 ነው። የሰርግ ፎቶግራፈር ከሆኑ ሁለተኛው ካርድ ማለት የሙሽሮቹ ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ ማለት ነው። ካርድ በሥራ መሃል ሲበላሽ ፎቶውን የሚያተርፈው እሱ ብቻ ነው፤ ሰርግ ደግሞ ተመልሶ አይነሣም። ሥራዎ ፎቶ ብቻ ከሆነ በእኛ አስተያየት በደንብ የተያዘ ዲ7200 ከዲ7500 ይሻላል።

ታናናሾቹም ላይ እንዲሁ ነው። ዲ3300 (2014) የውጭ ማይክ መሰኪያ ነበረው፤ ሴንሰሩንም እያንቀጠቀጠ አቧራ የሚያራግፍ ሥርዓት ነበረው። ዲ3400 (2016) ላይ ሁለቱም የሉም። የበጋውን የጎንደር አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አቧራ ሴንሰር ላይ ሲያርፍ በሰፊ የሌንስ ቀዳዳ አይታይም፤ የፋሲል ግንብን ከጠራ ሰማይ ጋር ቀዳዳውን አጥብበው በኤፍ 11 ወይም በኤፍ 16 ሲያነሡት ግን በሁሉም ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ያገለገለ ካሜራ ሲገዙም መፈተኛው ይኸው ነው፦ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርገው ባዶ ሰማይ ያንሡና ፎቶውን አቅርበው ከጥግ እስከ ጥግ ይዩት።

በሌላ በኩል ደግሞ የአሥር ቁጥር ልዩነት ብዙ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ኒኮን ዲ600 (2012) ሴንሰሩ ላይ የዘይትና የአቧራ ነጠብጣብ በመከማቸት የታወቀ ነው፤ ኩባንያው ራሱ በኋላ በነፃ አገልግሎት አስተናግዶታል። በዓመቱ የመጣው ዲ610 ሹተሩ (ፎቶ ሲነሣ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ተቀይሮለት ነው የወጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን በተቀራራቢ ዋጋ ካገኙ ዲ610ን ይውሰዱ።

ሶኒ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ የጊዜን ተራ እንኳ አይጠብቅም። የ6000 ቤተሰብ የወጣው እንዲህ ነው፦ 6000 በ2014፣ 6300 እና 6500 በ2016፣ 6400፣ 6100 እና 6600 በ2019፣ 6700 በ2023። ስለዚህ 6100 ከ6500 ሦስት ዓመት ዘግይቶ የወጣ ነው፤ 6400ም እንዲሁ። 6500 ቦዲው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሥርዓት አለው፤ 6400 የለውም። 6400 በበኩሉ ፊትና ዓይንን የሚከተልበት ኦቶ ፎከስ ከ6500 በግልጽ የተሻለ ነው፣ ስክሪኑም ወደ ፊት ይገለበጣል። እየተራመደ በእጁ የሚቀርጽ ሰው 6500 ይጠቅመዋል፤ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ ራሱን የሚቀርጽ ወይም የሚሮጥ ሕፃን የሚያነሣ ሰው 6400 ይሻለዋል። ከቁጥሮቹ ይህን ማንበብ አይቻልም።

ወደ ካኖን ባለሦስት አኃዞች እንመለስ፤ ጎንደር ውስጥ በብዛት እጅ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። ከ600ዲ ወደ 650ዲ፣ ከ650ዲ ወደ 700ዲ ያለው የቁጥር ልዩነት እኩል ሃምሳ ነው። የካሜራዎቹ ልዩነት ግን እኩል አይደለም። 600ዲ (2011) ቪዲዮ ሲቀርጽ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ በሙሉ ኤችዲ ወደ 12 ደቂቃ ገደማ ላይ ማለት ነው፣ መቅረጹን ያቆማል። ካሜራማኑ ካላየው የሙሽሮቹ ምርቃት መሃል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። 650ዲ (2012) ፋይሉ ሲሞላ በራሱ አዲስ ፋይል ከፍቶ እስከ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይቀጥላል፤ በጣት የሚነካ ስክሪንም አለው፤ በሰከንድ 5 ፎቶ ያነሣል፣ 600ዲ ግን 3.7 ነው። ከ650ዲ ወደ 700ዲ (2013) ስንሄድ ደግሞ ሴንሰሩ ያው 18 ሜጋፒክስል፣ የፎከስ ነጥቡ ያው 9፣ ፍጥነቱ ያው 5፣ ባትሪውም ያው ነው። ለ650ዲ ከ600ዲ በላይ ብር መጨመር ተገቢ ነው፤ ለ700ዲ ከ650ዲ በላይ ብዙ መጨመር ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ሌላው ትልቅ እርከን 70ዲ ነው። 60ዲ (2010) ቪዲዮ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ፎከሱን ተከትሎ መሄድ አይችልም። 70ዲ (2013) ካኖን ዱዋል ፒክስል ያለውን ኦቶ ፎከስ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ካሜራ ሲሆን፣ ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ወደ ዳሱ ስትገባ ፊቷን ሳይለቅ ይከተላል። ይህ ነገር 750ዲ (2015) ላይ የለም፤ 200ዲ እና 800ዲ (2017) ላይ አለ፤ ከእነሱ በኋላ በወጣው 2000ዲ ላይ ግን የለም። 2000ዲ የውጭ ማይክ መሰኪያም የለውም። ሰርግ በቪዲዮ ለመሥራት ካርቶኑ ያልተከፈተ 2000ዲ ከመግዛት ያገለገለ 70ዲ መግዛት እጅግ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለንም።

አኃዙ ካነሰ ፉል ፍሬም ነው ስለሚለው

እውነት ያለበት አባባል ነው፤ ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። በካኖን ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ባላቸው ካሜራዎች) 1ዲኤክስ፣ 5ዲ እና 6ዲ ፉል ፍሬም ናቸው፤ 7ዲ እና 7ዲ ማርክ 2 ግን ክሮፕ (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ያላቸው) ናቸው። በኒኮን ዲ700፣ ዲ750፣ ዲ850 ፉል ፍሬም ሲሆኑ፣ በዚያው ባለሦስት አኃዝ ቤተሰብ ያሉት ዲ300 እና ዲ500 ክሮፕ ናቸው። 77ዲ ባለሁለት አኃዝ ቢሆንም ውስጡ ከ80ዲ ይልቅ ወደ 800ዲ ይቀርባል፤ ባትሪው ሳይቀር የ800ዲ ነው።

መስታወት በሌላቸው ሚረርለሶች ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ካኖን አር7 ክሮፕ ነው፣ አር8 ፉል ፍሬም ነው። አር5 ፉል ፍሬም፣ አር50 ክሮፕ። ኒኮን ዜድ5 ፉል ፍሬም፣ ዜድ50 እና ዜድ30 ክሮፕ። ኒኮን ላይ አንድ ዜሮ ስትጨመር ሴንሰሩ ከ36 በ24 ሚሊሜትር ወደ 23.5 በ15.7 ይወርዳል። በስልክ ዋጋ ሲጠይቁ ሻጩ «ዜድ አምስት» ብሎ ሃምሳውን አሳጥሮ እንዳይሆን ደግመው ይጠይቁ።

አር7 እና አር8ን ትንሽ ጠለቅ ብለን ብናያቸው ይጠቅማል፣ ምክንያቱም እዚህ ፉል ፍሬም ስለሆነ ብቻ መግዛት እንዴት እንደሚጎዳ ይታያል። አር7 ሁለት ካርድ ማስገቢያና ቦዲው ውስጥ ማረጋጊያ አለው፤ አር8 አንድ ማስገቢያ ብቻ አለው፣ ማረጋጊያም የለውም። በእጅዎ ያለው ሌንስ ለክሮፕ የተሠራው ኢኤፍ-ኤስ 18-55 ከሆነ፣ በአስማሚ አር8 ላይ ሲገጥሙት ካሜራው በራሱ የሴንሰሩን መሃል ብቻ ይጠቀማል፤ ከ24 ሜጋፒክስል የሚተርፍዎ ወደ 9 ገደማ ነው። ፉል ፍሬም ሲገዙ ሌንሱንም አብሮ መቀየር አለ፤ በጀቱን ከመነሻው እንዲያ አድርገው ይያዙት።

ፉል ፍሬም በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉትን መላእክት ያለ ፍላሽ፣ በትንሽ ብርሃን፣ ጠባብ ቦታ ላይ ቆሞ ለማንሣት ሰፊ ሌንስና ትልቅ ሴንሰር ያስፈልጋል። 18 ሚሊሜትር በካኖን ክሮፕ ላይ የሚያየው በፉል ፍሬም 29 ሚሊሜትር ገደማ የሚያየውን ያህል ብቻ ነው። የሰሜን ተራራ ዋልያን ከሩቅ ለሚያነሣ ሰው ግን ክሮፑ ይረዳዋል፤ 300 ሚሊሜትሩ እንደ 480 ይቀርብለታል።

ካሜራው እጅዎ ላይ ካለ ስሙን ማመን አያስፈልግም። የካኖን ዲኤስኤልአርን ሌንስ አውልቀው ቀለበቱን ይዩ፦ ክብ ቀይ ነጥብ ብቻ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፉል ፍሬም ነው፤ ከቀዩ ነጥብ ሌላ ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ካለ ክሮፕ ነው። ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

ማርክ ማስወደጃ ነው ስለሚለው

እዚህ ላይ መልሱ አጭር ነው። ማርክ የትውልድ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው 5ዲ (2005) 12.8 ሜጋፒክስል ነው፣ ቪዲዮ ጨርሶ አይቀርጽም። 5ዲ ማርክ 2 (2008) 21.1 ሜጋፒክስልና ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ማርክ 3 (2012) ከ9 የፎከስ ነጥብ ወደ 61 አደገ፣ ሁለት ካርድ ማስገቢያም አገኘ። «5ዲ አለኝ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው የትኛው ማርክ እንደሆነ ሳይጠይቅ ወደ ሻጩ መሄድ የለበትም። ሁሉም ማርክ እኩል ዋጋ አለው ማለት ግን አይደለም። ኤም50 እና ኤም50 ማርክ 2 በሴንሰር አንድ ናቸው፤ ከዚያም በላይ የሁለቱም ሌንስ መግጠሚያ ኢኤፍ-ኤም ካኖን የተወው መስመር ስለሆነ፣ ሌንሶቹ ወደ አዲሶቹ አር ካሜራዎች አይሻገሩም።

ሪበልና ኪስ ፎርጅድ ናቸው ስለሚለው

ይህ ስህተት ሰውን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን ጥሩ ካሜራ በርካሽ እንዲሸጥ ያደርገዋል፤ በሌላ በኩል እውነተኛውን ወጥመድ እንዳያይ ይጋርደዋል።

ካኖን አንዱን ካሜራ በሦስት ስም ይሸጣል፦ ለአውሮፓ፣ ለአፍሪካና ለብዙው ዓለም በቁጥር፣ ለሰሜን አሜሪካ ሪበል ብሎ፣ ለጃፓን ኪስ ብሎ። 600ዲ አሜሪካ ውስጥ ሪበል ቲ3አይ፣ ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ5 ነው። 700ዲ ቲ5አይ እና ኤክስ7አይ ነው። 750ዲ ቲ6አይ እና ኤክስ8አይ፤ 800ዲ ቲ7አይ እና ኤክስ9አይ። 200ዲ ኤስኤል2 እና ኤክስ9፤ 250ዲ ኤስኤል3 እና ኤክስ10። ሴንሰሩ፣ ሹተሩ፣ ባትሪው፣ የሌንስ መግጠሚያው አንድ ነው።

አንድ መሆናቸውን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ካሜራውን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ዲኤስ126 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። 600ዲም ሆነ ቲ3አይ ላይ ዲኤስ126311 ይላል፤ 700ዲም ሆነ ቲ5አይ ላይ ዲኤስ126431 ይላል። አንዳንድ ሻጭ ይህንኑ ቁጥር የሞዴሉ ስም መስሎት ማስታወቂያው ላይ «ካኖን ዲኤስ126431» ብሎ ይጽፋል፤ እንዲያ ያለ ማስታወቂያ ሲያዩ የሚሸጠው 700ዲ መሆኑን ይወቁ።

እውነተኛው ወጥመድ በአሜሪካ ስሞች ውስጥ ያለችው «አይ» ናት። ሪበል ቲ7 እና ሪበል ቲ7አይ ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች ናቸው። ቲ7 ማለት 2000ዲ ነው፤ ቲ7አይ ማለት 800ዲ ነው። አንደኛው ማይክ መሰኪያ የለውም፣ ስክሪኑ አይገለበጥም፣ ቪዲዮ ላይ ፎከሱ አይከተልም፤ ሌላኛው ሦስቱንም ያሟላል። በዚያው መንገድ ቲ6 1300ዲ ሲሆን ቲ6አይ 750ዲ ነው፤ ቲ5 1200ዲ፣ ቲ5አይ 700ዲ፤ ቲ3 1100ዲ፣ ቲ3አይ 600ዲ። ጃፓኖቹም ጋ አለ፦ ኤክስ7 ትንሹ 100ዲ ሲሆን ኤክስ7አይ 700ዲ ነው። ሻጩ ሆን ብሎ ላያታልል ይችላል፤ ፊደሏ ትንሽ ስለሆነች ሳያያት ይቀራል። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የካሜራውን ፊት ፎቶ አስልከው ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል ያንብቡ።

የፊቱ ስም በሌላ ተቀይሮ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ አንድ ፎቶ አንሥተው ፋይሉን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱና ዝርዝር መረጃውን ይዩ። ካሜራው የራሱን ስም በየፎቶው ውስጥ ይጽፋል። ውጭው 700ዲ፣ ፎቶው ውስጥ የተጻፈው 1200ዲ ከሆነ ብሩን ወደ ኪስ መመለስ ነው።

ከጃፓን የመጣ ካሜራ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቋንቋው ነው። በተለይ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይከፍሉ ሜኑውን ገብተው የቋንቋ ምርጫ መኖሩን ይዩ። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ደግሞ ጀርባው ላይ 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 አይቃጠልም፤ ጠፍጣፋ ሹካውን የሚቀይር መሰኪያ ብቻ ይበቃዋል።

አር ያለበት ሶኒ ለሁሉም ይበልጣል ስለሚለው

የሶኒ 7 ቤተሰብ ሦስት መንገድ አለው። ፊደል የሌለው ለሁሉም ሥራ መካከለኛ ነው፣ አር ብዙ ሜጋፒክስል ነው፣ ኤስ ጥቂት ሜጋፒክስል ሆኖ ለቪዲዮና ለጨለማ ነው። 7 ማርክ 3 ባለ 24፣ 7አር ማርክ 3 ባለ 42.4፣ 7ኤስ ማርክ 3 ባለ 12.1 ሜጋፒክስል ናቸው። ባለሙያው የሚጠይቀው ፎቶው የት እንደሚያርፍ ነው። 12 ሜጋፒክስል በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 36 በ24 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ 24ቱ 51 በ34፤ 42ቱ 67 በ45። የሰርግ አልበም የሚያትም ሰው 24 ይበቃዋል። ግድግዳ የሚሸፍን ሥዕል ወይም የቅርስ ሰነድ የሚያነሣ ሰው አር ይፈልጋል። ማታ በዳስ ውስጥ በአምፖል ብርሃን ቪዲዮ ብቻ የሚቀርጽ ሰው ኤስን ይያዝ።

አር የራሱ ዋጋ አለው። ሳይታመቅ የተቀመጠ አንድ የ7አር ማርክ 3 ሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል ከ80 ሜጋባይት ይበልጣል፤ የ24ቱ ወደ 47 ገደማ ነው። በአንድ ሰርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሣ ሰው ካርዱ፣ ሃርድ ዲስኩና ላፕቶፑ ሁሉ እጥፍ ይሠራሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እነዚያን ፋይሎች ማረም ሥራውን ሳምንት ያጓትተዋል።

እግረ መንገዳችንን አንዲት ፊደል እናንሣ። ካኖን 60ዲኤ እና ኒኮን ዲ810ኤ መጨረሻቸው ላይ ያለችው «ኤ» ለከዋክብት ፎቶ ተብለው መሠራታቸውን ትናገራለች። ለቀይ ብርሃን ከሌሎቹ የበለጠ ንቁ ስለሆኑ ለሰው ፎቶ አይመረጡም። በርካሽ ቢገኙ እንኳ ለሰርግ አይውሰዷቸው።

ሌንሱ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ስለሚለው

18-55 የሚባለው የካኖን ሌንስ አንድ አይደለም። 18-55 ሦስት ወይም ዲሲ ሦስት የሚለው ማረጋጊያ የለውም፤ 4000ዲ ጋር በካርቶን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። 18-55 አይኤስ ኤስቲኤም ግን ማረጋጊያ አለው፣ ሞተሩም ጸጥ ያለ ስለሆነ ቪዲዮ ላይ ድምፁ ማይኩ ውስጥ አይገባም። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፤ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ጎኑ ላይ ሁለተኛ ማብሪያ አለው።

ኒኮን የገዛ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰቦች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ኤኤፍ ወይም ኤኤፍ-ዲ የሚል አሮጌ ሌንስ ይገጥማቸዋል፣ ፎከሱን ግን በእጅ ካልሆነ አይሠሩትም። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሲገዙ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ይምረጡ። ኤኤፍ-ፒ የሚለው አዲሱ ሌንስ በተቃራኒው እንደ ዲ90 ባሉ አሮጌ ቦዲዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገጥምም፤ አርኤፍ ሌንስ ደግሞ በምንም ዓይነት አስማሚ ዲኤስኤልአር ላይ አይሠራም።

ምክሩ ያልነካው ነገር

የሞዴል ቁጥር ሲቀየር ባትሪና ፍላሽም ይቀየራሉ፤ ጎንደር ውስጥ በሰርግ ቀን ባትሪ መዋዋስ የተለመደ ስለሆነ ይህ ከብዙ ሜጋፒክስል ይበልጣል። 550ዲ፣ 600ዲ፣ 650ዲ እና 700ዲ ሁሉም ኤልፒ-ኢ8 ይጠቀማሉ። 750ዲ፣ 800ዲ፣ 200ዲ እና 250ዲ ወደ ኤልፒ-ኢ17 ተሻገሩ፤ አርፒ፣ አር8፣ አር10 እና አር50ም ይህንኑ ይበላሉ። ከ1100ዲ እስከ 4000ዲ ያሉት ኤልፒ-ኢ10 ናቸው። 60ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ፣ 6ዲ እና ከማርክ 2 ጀምሮ ያሉት 5ዲዎች ኤልፒ-ኢ6 ስለሚጋሩ ባትሪ ለማግኘት ከሁሉም ይቀላሉ። በኒኮን ከዲ3100 እስከ ዲ3500፣ ከዲ5100 እስከ ዲ5600 ኤን-ኢኤል14 ነው። ሶኒ 6000፣ 6300፣ 6400 እና 6500 ኤንፒ-ኤፍደብሊው50 ሲሆኑ፣ 6600 እና 6700 ብዙ ሰዓት የሚቆየውን ኤንፒ-ኤፍዜድ100 ይዘዋል። የሥራ ባልደረባዎ ያለው ባትሪ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፍላሹን በተመለከተ 250ዲ ላይ (ኤስኤል3ም ያው ነው) ካኖን በፍላሽ መግጠሚያው መሃል ያለውን ክብ የብረት ነጥብ አውጥቶታል። ርካሽ ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስተኩሱ ዕቃዎች) እና የሌላ ኩባንያ ፍላሾች የሚተኮሱት በዚያ ነጥብ ስለሆነ፣ የስቱዲዮ መብራት ያለው ሰው ትሪገሩን ሲሰካ ምንም አይበራለትም፤ ትሪገሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፣ እሱም አይሠራም። ካሜራውን ሲያዩ መግጠሚያውን ከላይ ይመልከቱ፦ መሃሉ ላይ ከሌሎቹ ተለቅ ያለ ክብ ነጥብ ከሌለ፣ ለዚያ ካሜራ የካኖንን የራሱን ፍላሽ ወይም ያለ ነጥቡ እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ ትሪገር መግዛት ይኖርብዎታል፤ ዋጋውን ከካሜራው ዋጋ ጋር ደምረው ያስሉት።